ዋርሳዬን ለምርመራ የወሰድሁበት ጾም

የባለቤቴ ሙት ዓመት ዕለት፣ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ በልተው ጠጥተው ከተነሡ በኋላ፣ የዋርሳዬ ሚስት እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ዋርሳዬ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፣ ገሳይን አለፍ ብሎ፣ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ሚስቱ ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ ያን ቀንም አላበዛችም።

«ደም ይወጣዋል» አለችኝ።

«ከየት?»

ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «ወገቡን ሲሞክር፣ ሜዳ ሲወጣ። ጥቅምት ላይ ነው የጀመረው። ለእትዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

«እሱ ምን ይላል?»

«ኪንታሮት ነው ይላል።»

እዚያው የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

ይህን መልስ ከዚያ በፊት ከባለቤቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። በእኛ አገር ከዚያ በኩል የሚመጣ ደም ሁሉ ስሙ ኪንታሮት ነው። ለኪንታሮት ደግሞ ሐኪም ቤት አይኬድም፤ ያሳፍራል። ቅጠል የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፣ በርበሬ ይቀነሳል፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደሙ ለጥቂት ቀን ሲጠፋ «ተሻለኝ» ይባላል። ባለቤቴ ሁሉንም አደረገ። የተማረ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያስተምር የኖረ። ሲከሳ ጾሙ ነው አለ፤ ሲደክመው ዕድሜ ነው አለ። ሐኪም ቤት የሄደው አንጀቱ ተዘግቶ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ በኋላ ነው። ትልቁ አንጀቱ ውስጥ የበቀለው ነገር ያን ጊዜ ወደ ጉበቱ ተሻግሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም።

ያከመው ሐኪም መርዶውን ከነገረኝ በኋላ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ ይህ በሽታ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል፣ ወንድም፣ እኅት፣ ልጅ ካለው ሳያማቸው ቢታዩ ይበጃል አለኝ። ልጅ አልወለድንም። ያለን ዋርሳዬ ነው። ከገጠር ለትምህርት ደብረ ታቦር የመጣ ጊዜ እኛ ቤት ነው ያደገው፤ እትዬ ማለትንም ያኔ ነው የለመደው። ሐዘን ላይ እያለን የሐኪሙን ቃል ነግሬው «እሺ እትዬ» ብሎኝ ነበር። የእሱን እሺ ደግሞ አውቀዋለሁ። ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻው የተመለሰ ጊዜም፣ ማታ «እሺ፣ ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ብሎን ነው ያደረው።

ከጓዳ ወጥቼ ፈለግሁት። ደጅ የድንኳኑን ገመድ እየፈታ ነበር።

«ሆድህን እንዴት ነህ?» አልሁት።

«ደኅና ነኝ እትዬ። በላሁ እኮ፤ ጠገብሁ።»

«መብላትህን አልጠየቅሁህም። ወገብህን ስትሞክርስ?»

ገመዱን ለቀቀና ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት። «ይቺ ሴትዮ አፏን...»

«እሷን ተዋት።»

«ኪንታሮት ነው እትዬ።»

«ማን አይቶት?»

«ማን ያየዋል? እኔም አላየሁት!» ብሎ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ተወው።

ባሕር ዳር የሚያዩበት መሣሪያ እንዳለ ነገርሁት። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በኋላ በኩል ገብቶ ትልቁን አንጀት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚያሳይ፣ የበቀለ ነገር ካለም እዚያው ሊቆረጥ እንደሚችል። ለካ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

«አንዱን የእብናት ከብት ነጋዴ በሱት አይደል? አንጀቱን! በዚሁ በሚሉት ቱቦ።»

«ሞተ?»

«አልሞተም። ሆዱን ቀደው ሰፉት። ግን እትዬ፣ መሞት ብቻ ነው እንዴ? እኔ ሱሪዬን አውልቄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ... ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ከየት ይሰማል?»

«ደብረ ታቦር ያስነጠሰውን ገሳይ ላይ ሆነው ይማርህ የሚሉ ሰዎች ናቸው።»

ልመናዬን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ጨርሼው ነበር መሰለኝ፣ መለመን አልቻልሁም። «ወንድምህን ያስታመምሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «አንተን አላስታምምም። ጉልበቱም የለኝ።»

ገመዱን መፍታት ቀጠለ። እነሱ ሲሄዱ ለስንብት ጉልበቴን ስሞ ቀና ሲል ከንፈሩ ነጭ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ማለዳ በሬን አንኳኳ። ከመኪና መውረጃው እስከ እኔ ቤት ያለችው አቀበት አድክማው የበሩን መቃን ይዞ ቆሟል። ጉና ላይ በሬ ሲያባርር የሚውል ሰው ነው።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ አስገባሁት። የንስሐ አባቱን ጠይቆ፣ መድኃኒት ከሆነ በጾምም ቢሆን በማለዳ ይጠጣል ብለው ፈቅደውለት ነው የመጣው። በጋቢው ጫፍ የተቋጠረች ነገርም ነበረች፤ ስንቅ ናት ብዬ አላየኋትም።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ባሕር ዳር ገባን። በዚህ ዘመን መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል፤ ሰው ሐኪም ቤት ቀጠሮውን የሚይዘው ሾፌር ጠይቆ ነው። ያገኘነው ሐኪም ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የባለቤቴን ነገር ነገርሁት። ዋርሳዬን ደሙ መልኩ ምን እንደሚመስል፣ መቼ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደከሳ ጠየቀው። ዋርሳዬ እኔን እያፈረ በግማሽ መለሰ። ደጅ ልውጣ ብል ሐኪሙ «ቢኖሩ ይሻላል» አለኝ።

ከዚያ ዋርሳዬ ድንገት ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ አንጀት ይበሳል ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ሐኪሙ።

እኔ ነኝ የደነገጥሁት። «ውሸት ነው፣ አይዞዎት» ይለዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«አንጀት ስስ ነው፤ ይጠማዘዛል» አለ፣ በጣቱ አየር ላይ መንገዱን እያሳየ። «ቱቦው ሲታጠፍ ሊቀደድ ይችላል። የሚደርሰው በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ግን ይደርሳል፤ ከደረሰ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የበቀለ ነገር አግኝቼ ከቆረጥሁ ሊደማ ይችላል፣ ዛሬ ወይም ከቀናት በኋላ። እንዲያንቀላፉ የምንሰጥዎት መድኃኒት ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል፤ ለዚህ አጠገብዎ የሚቆም ሰው አለ። ደግሞ ሁሉንም አያለሁ ብዬ አልምልልዎትም፤ ትንሽ ነገር ሊያመልጠኝ ይችላል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ያደርጉታል?»

«ሳይታይ የሚያድገው ከዚህ ሁሉ ስለሚብስ። ምንም ሳያመው የመጣ ሰው ቢሆን፣ ቁጭ ብለን ጥቅሙንና ጉዳቱን እንመዝን ነበር። እርስዎ ግን ይደማሉ፤ ወንድምዎ በዚሁ አርፈዋል። እኔ እርስዎን ብሆን እታያለሁ።»

ዋርሳዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ይኸ ሰው አይዋሽም» አለኝ። እሱ በሰማው ነገር ልቡ ረጋ፤ የእኔ ግን ያን ጊዜ መምታት ጀመረ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምርመራው ለእኔ መዳኛ ብቻ ነበር። አሁን ዋርሳዬን ከቤቱ አውጥቼ ሊጎዳ ወደሚችልበት ቦታ ያመጣሁት እኔ መሆኔ ታወቀኝ። አንድ ነገር ቢሆን ለሚስቱ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ነርሷ ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ ናት። በጣቶቿ እየቆጠረች አስረዳችን። «ነገ ምግብ አይቀመስም። ፈሳሽ ብቻ! ውሃ፣ ሻይ። ወተት አይሆንም።»

«ጾም ነው ልጄ፤ ወተት ከየት ይመጣል?» አላት ዋርሳዬ።

«ጎበዝ! ከሰዓት በኋላ ይቺን ዱቄት በውሃ በጥብጠው እስኪያልቅ ይጠጣሉ፤ የቀረውን ደግሞ በማለዳ። አንጀትዎ ታጥቦ የሚወጣው ውሃ ብቻ እስኪሆን ድረስ። እንግዲህ ከመጸዳጃ ቤቱ አይራቁ!»

ክሊኒኩ አቅራቢያ አልጋ ቤት ሁለት ክፍል ያዝን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዱቄቱን በትልቅ ጆግ በጠበጥሁለት። አንድ ብርጭቆ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

«ኮሶ ከዚህ ይሻላል» አለ።

«ኮሶ ስትጠጣም እንዲህ ነበር የምትለው።»

«ኮሶ አንድ ዋንጫ ነው፤ ቀና ብለው ይጨርሱታል። ይኼ ግን ድልህ ማድረጊያ ጋን ሙሉ ነው።»

ከዚያ መጠጣትና መሮጥ ሆነ። እንዳያፍር ብዬ ወንበሬን ግቢው መካከል ካለች የማንጎ ዛፍ ሥር አውጥቼ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥሁ። «እትዬ፣ አይዙሩ!» እያለ በኋላዬ ሲያልፍ የነጠላ ጫማው ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል። በመካከል ውሃ ልገዛለት ወጥቼ ነበር። ስመለስ ከንፈሩን እየጠረገ ነው። «ሆዴን ትንሽ አለዘበልኝ» አለኝ። መድኃኒቱን ያለ መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ የቀረውን ጠጥቶ ክሊኒክ ገባን። ጀርባው የተከፈተ አረንጓዴ ልብስ አልብሰው ወሰዱት። በሩ ሲዘጋ ነጠላዬን አጣፍቼ ጸሎት ጀመርሁ። ሰፊ ጊዜ ይፈጃል ብለውኝ ነበር፤ ገና ጸሎቴን ሳላጋምስ በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ። ተበሳ አልሁ በልቤ።

«ምንድን ነው የጠጡት?» አለኝ።

«የሰጣችሁንን ነው። ምን ሆነ? በሕይወት አለ?»

«አለ፣ አለ፤ ምንም አልሆኑም። ግን ማየት አልቻልሁም። ግድግዳው ሁሉ ቡናማ ቅንጣት ለብሷል። መምጠጫው ተደፈነብኝ።»

ዋርሳዬ ገና እንቅልፉ ሳይለቀው ነርሷ ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። «ትናንት ምን ጠጡ አባቴ?»

«ፈሳሽ ብቻ» አለ፣ ምላሱ ተሳስሮ። «ውሃ። ሻይ። ተልባ።»

«ተልባ!» ነርሷ ጭንቅላቷን ያዘች።

ሚስቱ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጋቢው ጫፍ የቋጠረችለት ነበር። ውሃ ልገዛ ስወጣ በብርጭቆ በጥብጦ ጠጣት፤ በማለዳም ደገማት። ለእኛ ተልባ ምግብ አይደለም። በጾም ሆድ ሲደርቅና ሲያቃጥል የሚጠጣ ነው፤ ይጠጣል እንጂ ይበላል አይባልም። ለገሳይ ሰው «ፈሳሽ ብቻ» ካሉት ከሻይ በፊት የሚታየው ተልባ ነው። ነርሷም ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ወተት ከልክላ ተልባን መከልከል አልታሰባትም። «ከዛሬ ጀምሮ እላለሁ፤ ለሁሉም እላለሁ» አለች።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ልገፋ እችል ነበር» አለኝ ለብቻዬ። «ግን ሳላይ አልገፋም። አንጀት የሚበሳው አንዱ እንዲህ ሲሆን ነው። የሚፈለገውም ነገር ከዚያ ሥር ተደብቆ ሊያመልጠኝ ይችላል። ዛሬ እንደገና ይታጠቡና ነገ ልድገመው።»

አልጋ ቤቱ እንደደረስን ዋርሳዬ ጋቢውን ማጠፍ ጀመረ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ወደ ቤቴ ነዋ። እግዜር አልፈቀደም።»

«እግዜር ምን አደረገ? ተልባ ነው።»

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ታየሁ፤ ይበቃኛል። ያቺን የምታህል ልጅ ሱሪዬን ይዛልኝ! ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም። ደግሞ የወረታው መንገድ ነገ ይዘጋል እያሉ ነው። እዚህ ተዘግቶብን ልንቀር ነው?»

የመንገዱ ወሬ እውነት ነበር፤ አልጋ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ሳትቀር «ብትሄዱ ይሻላችኋል» ብላናለች። በዚያ ሰዓት ወደ መናኸሪያ ቢወርድ መኪና ያገኛል። ከሄደ ግን እንደማይመለስ ዓይኑ ላይ አየሁት። እርሻ ይደርሳል፤ ክረምት ይገባል፤ ደሙ ለሳምንት ይጠፋና «ተሻለኝ» ይላል።

ግቢው በር ላይ ደረስሁበት። እጁን አልያዝሁትም። «መኪናው እስኪሞላ አሥር ሰው ይጠብቃል፤ እስከዚያ ና ተቀመጥ» አልሁት። መቆም ስለደከመው መጥቶ ከማንጎዋ ሥር ተቀመጠ።

«ወንድምህ በምን ሞተ?» አልሁት።

«በሆዱ ሕመም።»

«ለሰው ያልነው እሱን ነው። አንጀት ሲዘጋ የበላኸው በየት እንደሚወጣ ታውቃለህ?»

በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

«እናንተ ልትጠይቁ ስትመጡ ፊቱን አጥቤ፣ አንሶላውን ቀይሬ፣ ዕጣን አጭሼ ነበር የማስገባችሁ። ሽታው እንዳይሰማችሁ። እሱ ነው አደራ ያለኝ።»

ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ነገርሁት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ አላለቀስሁም። ምን እንዳስመለሰው፣ ምን እንደለመነኝ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ እንኳ ለምን እንደከለከሉት ተራ በተራ ነገርሁት። ዋርሳዬ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል። ከደጅ የሚኒባስ ረዳት «ወረታ፣ ደብረ ታቦር!» እያለ ሲጣራ አለፈ። ቀና አላለም።

የረዳቱ ድምፅ ከራቀ በኋላ «ያ ዱቄት ከየት ነው የሚገዛው?» አለኝ።

ሁለተኛው እጥበት ከመጀመሪያው ከበደ። ምግብ ከቀመሰ ቆይቷል፤ በዚያ ላይ ደም ያነሰው ሰው ነው። ሲነሣ ይዞረዋል፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ሲመለስ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ነርሷ ስልኬ ላይ ደውላ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ በየመካከሉ እንድሰጠው ነገረችኝ። አሁን ጀርባዬን ሰጥቼው አልተቀመጥሁም፤ ብርጭቆውን እኔው ይዤ አጠጣሁት፤ ማፈሩም ቀረ። «እትዬ፣ አሁን እንኳ እናቴ ሆኑ» አለኝ አንዴ።

በማለዳ የወጣው ውሃ የጠራ ነበር። እንደገና ወሰዱት፤ በሩ እንደገና ተዘጋ።

በዚህኛው ቀን ግን በሩ አልተከፈተም። ጸሎቴን ጨረስሁ፤ ደገምሁት። ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ታክሞ ወጣ። አንዴ ነርሷ ብቅ ብላ ሳትሮጥ፣ ግን ፈጠን ብላ ሄደችና በላስቲክ የታሸገ ነገር ይዛ ተመለሰች። ፊቷን አየሁት፤ አልሳቀችልኝም። ትናንት ቶሎ ወጡ ብዬ ደነገጥሁ፤ ዛሬ ቆዩ ብዬ ደነገጥሁ። መሄድ ሲፈልግ ብተወው ኖሮ አሁን ቤቱ ነበር፤ ይህን ያሰብሁት እኔው ነኝ፣ ሌላ ማንም አላለኝም።

ሐኪሙ ሲወጣ ግንባሩ ላብ ነበረው። «አንድ አገኘሁ» አለኝ። «የአውራ ጣትዎን ጫፍ ያህላል። እንደ እንጉዳይ አንገት አለው። በሽቦ ቀለበት አንቄ፣ አቃጥዬ ቆረጥሁት። ደምቶ ነበር፤ አቁሜዋለሁ። አሁን ምን ዓይነት እንደሆነ ላቦራቶሪ ይነግረናል።»

«የወንድሙ ዓይነት ነው?»

«ሳይመረመር አልልም።»

ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ሆዱ ከጠነከረ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ብዙ ደም ካየ፣ ሳናመነታ እንድንመለስ። ለሁለት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ሞፈር እንዳይጨብጥ።

አልጋ ቤት አስተኛሁት፤ ሻይና ደረቅ ዳቦ ቀመሰ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ጠራኝ።

«እትዬ፣ ሆዴን ወጠረኝ።»

ፊቱ በላብ ርሷል። ጋቢውን ገልጬ እጄን ሆዱ ላይ አደረግሁ። ተነፍቷል። ያን መወጠር እጄ ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ሌላ ሆድ ላይ ዳስሼዋለሁ። ሐኪሙ የነገረኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ባጃጅ አስጠርቼ፣ የአልጋ ቤቷ ባለቤት በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ደግፈን አስገባነው። በየጉድጓዱ ላይ ያቃስታል። ሾፌሩን ቀስ በል እለዋለሁ፣ መልሼ ቶሎ በል እለዋለሁ።

«አንዱን ይንገሩኝ እናቴ» አለኝ ልጁ።

ሐኪሙ ሆዱን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰ፣ ተጫነ፣ ድንገት ለቀቀ፤ ፊቱን እያየ። ትኩሳቱን ለካ። ራጅ አስነሣው። ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ ሲያይ ከኋላው ቆምሁ። ብዙ ጊዜ አየው።

«ቀዳዳ የለም» አለ። «አንጀቱን ለማየት ስንነፋው የገባ አየር ነው። አልወጣ ብሎ ነው።»

ነርሷ በግራ ጎኑ አስተኝታ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ አጠፈችና ጀርባውን ማሸት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ ወጣ።

«ይኸው! እልል በሉ!» አለች ነርሷ።

«ይቅርታ እትዬ» አለ ዋርሳዬ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ። ከጋቢው ሥር ግን ትከሻው በሳቅ ይርገፈገፍ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ሐኪሙ ግን አልለቀቀንም፤ እስኪመሽ ድረስ ሆዱን እየመላለሰ ዳሰሰው።

መንገዱ ቆይቶ ተከፈተ፤ ገሳይ ሚስቱ እጅ ላይ አስረከብሁት። ሁለቱን ሳምንት ቃሉን ጠብቆ ተኛ፤ ለጎረቤት ጨጓራዬ ነው አለ፤ የእርሻውን ሥራ ዘመዶቹ በደቦ ሠሩለት። ሚስቱ በየቀኑ ትደውልልኛለች። «ደም የለም እትዬ» ትለኛለች፤ ሌላ አትጨምርም። እኔ ግን ደሙ መጥፋቱ አላሳረፈኝም። የተቆረጠችው ነገር ምን እንደሆነች ገና አልታወቀም። እህል ስበላ እሷን አስባለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እሷን አስባለሁ። እሷ ክፉ ከሆነች፣ ያ ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው፤ በዚህ ላይ እኔ አላስታምምህም ብዬዋለሁ።

ውጤቱ ደርሷል ተብሎ የተጠራን ከፋሲካ በኋላ ነው። አብረን ሄድን። ዋርሳዬ ያን ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ አንድም ቀልድ አልተናገረም።

ሐኪሙ እንደገባን፣ ገና ሳንቀመጥ፣ «ካንሰር አልሆነም» አለን። ከዚያ ወንበሩን አሳየን። «ግን ወደዚያ የሚሄደው ዓይነት ነው። ብትተውት ኖሮ በዓመታት ውስጥ ወደዚያው ይለወጥ ነበር። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ይህ ማለት አንጀትዎ ከእንግዲህ ሌላ አያበቅልም ማለት አይደለም፤ ቀጠሮ እሰጥዎታለሁ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ይታያሉ። ልጆችዎም ዕድሜያቸው ሲደርስ መታየት አለባቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አልሁ። ዋርሳዬ ተነሥቶ የሐኪሙን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ አለ።

ወጥተን ተራ የሚጠብቅ ሰው የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ አረፍ አልን። ዋርሳዬ ጫማውን እያየ ቆየና፦

«የወንድሜም መጀመሪያ እንዲህ ነበር?» አለኝ። «ትንሽ? እንደ አውራ ጣት?»

«ሐኪሞቹ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ብዙ ዓመት?»

«ብዙ ዓመት።»

«ያን ጊዜ አንድ ሰው ቢያየው ኖሮ... ቆርጦ ይጥለው ነበር? እንደ እኔው? በማግስቱ ሻይ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር?»

ዓመቱን ሙሉ ሊያጽናኑኝ ለመጡ ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ስል ኖሬአለሁ። እነሱም እንደዚያው ይሉኝ ነበር። ለእሱም እንደዚያ ልለው እችል ነበር። ልጆች አሉት፤ ነገ እነሱን ማምጣት ያለበት እሱ ነው።

«አዎ» አልሁት።

ዋርሳዬ ወንድሙ የተቀበረ ዕለት እንደ ወንድ ቆሞ ሰው ሲያስተናግድ የዋለ ነው፤ እንባውን ያየ የለም። አሁን ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለና ያን በሚያህል ሰው መካከል ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እኔም እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ አለቀስሁ።

ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ በሽተኛዋን አቅፋ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ውጤቱ ከፋ እንዴ እናቴ?» አለችኝ።

«የለም» አልኋት። «ደኅና ነው። ነፃ ነው አሉት።»

ሴትዮዋ ፊቴን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች፤ ከንፈሯን መጠጠች። አላመነችኝም።